የጋሼ ካርቶ ጎጆ በእግሯ የሄደች ለት

ቤት ከተተከለበት የማይነቃነቅ ነገር ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ እስከ ባለፈው ግንቦት ድረስ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፎረስት ሎን በሚባለው ሰፈር፣ ከሰቨንቲንዝ አቬኑ ጀርባ ባለው የጓሮ መንገድ ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ በሃያ ምናምን ሰው እግር ስትራመድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያውም ስልክ ከፍ አድርጌ ይዤ ከፊት ከፊት እየሄድኩ። መንገድ መሪ ነበርኩ ማለት ነው። ጎጆዋ መንገድ የሳተችው በእኔ ጥፋት እንዳይመስላችሁ፤ እሱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ እትዬ ሱሚን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ሱሚ ኢንዶኔዥያዊት ናቸው፤ ከጃቫ ደሴት፣ ሩዝ ከሚዘራበት ገጠር። እናቴ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት። ሁለቱ የተገናኙት ጂዳ ነው፤ አንድ እመቤት ቤት፣ አንዷ ኩሽና አንዷ ልጆች ላይ ተቀጥረው። "አንድ ትራስ ላይ በየተራ ነው ያለቀስነው" ትላለች እማዬ። ከዚያ ዕጣ ፈንታ ለየብቻ ሲጎትታቸው ከርሞ ሁለቱንም አንድ ሰፈር አመጣና ጣላቸው። ሲያወሩ የጂዳ ዐረብኛው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው እንደ ፉል አብሮ ይታሻል። እኔ ለእናንተ አጣርቼ ነው የማቀርበው።

ባለቤታቸው ጋሼ ካርቶ ነበሩ። አገራቸው ገበሬ፣ እዚህ የመጋዘን ጽዳት ሠራተኛ። ከሺፍት ሲመለሱ ሌላው ሰው ሶፋ ላይ ይወድቃል፤ እሳቸው ጓሮ ገብተው መሬቱን ይቆፍራሉ። የሚጥል ሰው ካገኙ የድሮ አጥር፣ የዕቃ መጫኛ ርብራብ፣ የተሰበረ አልጋ እየለቀሙ ጓሯቸው ውስጥ አንዲት ጎጆ ሠሩ። እንግሊዝኛው ሼድ ይለዋል። ሼድ ማለት የሣር ማጨጃና የዛገ ብስክሌት የሚታሰርበት እስር ቤት ነው። የጋሼ ካርቶ ግን ቤት ነበረች። ጣሪያዋ መሐሉ ላይ እንደ መንደራቸው ቤቶች ቀና ያለ፣ ከፊቷ ትንሽ በረንዳ ያላት፣ ውስጧ የሩዝ ማሳ ቦት ጫማቸውና መቆፈሪያቸው የተሰቀለባት። ካልጋሪ ውስጥ የሩዝ ማሳ የት አለ ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እኔ ጠይቄያቸው "ቦቱ ራሱ እየጠበቀ ነው" ብለውኛል። በረዶ እንደ ጠጠር ሲወርድ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው "የእናንተ ሰማይ ድንጋይ ይወረውራል፤ ማን አስቀየመው?" እያሉ ይስቁ ነበር።

ጥር ውስጥ፣ የዓይን ሽፋሽፍት በሚደርቅበት ብርድ፣ ጋሼ ካርቶ አረፉ።

እኛ ሙስሊሞች ሬሳ አናሳድርም። የዚያን ቀን ግን አውሎ ነፋሱ መንገዱን ዘግቶት ነበር። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ ቫንኮቨር መንገድ ላይ ተራራ መሐል ቆሞ ቀረ። ግማሹ ሰው ሺፍት ላይ ነው፤ ግማሹ መኪናው አልነሣ ብሎታል። መቃብሩ ዘንድ የደረስነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን። የሚሸከም ስለጠፋ ሠራተኞቹ ሬሳውን ባለጎማ ጋሪ ላይ አድርገው በበረዶው ላይ ገፉት። አንዱ ጎማ ይንጫጫል። እትዬ ሱሚ የዚያን ለት አላለቀሱም። ማታ ለእማዬ "እንደ ሱቅ ጋሪ ገፉት" አሏት። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ያገራቸውን ነገር ብታውቁ ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ይገባችኋል። በእትዬ ሱሚ መንደር ማንም ብቻውን መንገድ አይሄድም። እሳቸው ወደ ጂዳ ሲሄዱ መንደሩ በሙሉ አንድ የሩዝ መኪና ላይ ተጭኖ እስከ ከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኝቷቸዋል። የታመመ ሽማግሌ ሳይቀር ካልጋው ተነሥቶ ተጭኗል። "የሄድኩት እኔ አንዷ ነኝ፤ መኪና ያቅለሸለሻቸው ግን ሁሉም ናቸው" ይላሉ። ሬሳማ ሲሆን ትከሻ ለመስጠት ሰው ይጋፋል፤ ሁለት እርምጃ የተሸከመ ሰው እንኳን ለሌላው የሚለቀው እያንገበገበው ነው።

ቤትም እንደዚያው። አባታቸው ሲሞቱ የሩዙ መሬት ለወንድማቸው ለጋሼ ፓርዲ ደረሰ፤ ቤቱ ደግሞ ለእሳቸው። መሬቱ የወንድም፣ በላዩ ያለው ቤት የእህት። እኛ ጋ ቢሆን ይህቺ አንዲት ነገር ሦስት ትውልድ የሚፈጅ ክስ ይወጣታል። እነሱ ግን መንደሩ ጫፍ ላይ የተሰቀለውን የእንጨት ደወል ደወሉ፤ ወንዱ ሁሉ ቀርከሃ ይዞ መጣ፤ ቤቱን ከነጣሪያው ትከሻው ላይ አድርጎ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ ወስዶ ሌላ ቦታ አስቀመጠላቸው። አንዱ ተንሸራትቶ ጭቃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ እንኳን የያዛትን ማዕዘን አልለቀቀም አሉ። ቤቱ ውስጥ የታቀፈች ዶሮ ነበረች፤ አልተነሣችም። ጫጩቶቿን የፈለፈለችው አዲሱ ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ የዘንድሮው ፀደይ ሲገባ እትዬ ሱሚ የተከራዩት ቤት ተሸጠ። ገዢው አፍርሶ ረጅም ቤት ሊሠራ ነው። ሰኞ ማሽኑ ይመጣል፤ ጓሮው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አብሮ ይፈርሳል ተባለ። እትዬ ሱሚ እኛ ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ እንዲገቡ እማዬ ቀድማ ወስናለች። ጎጆዋስ?

"አፍርሰን እንጨቱን እንውሰድልሽ" አለ አባዬ።

"ቤት አይፈርስም" አሉ እትዬ ሱሚ። "ቤት ይሄዳል።"

"የጭነት መኪና እኮ ጓሮው ድረስ አይገባም ሱሚ እህቴ።"

"መኪና ማን አለ? ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር?"

ይህቺን ሲሉ አባዬን ትክ ብለው አዩት። አባዬ አንገቱን ደፋ። ከጥር ጀምሮ እትዬ ሱሚን ባየ ቁጥር አንገቱ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ከዚያ ቀና ብሎ "ደቦ እንጠራለን!" አለ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።"

ተረቱ የሚያወራው ስለ ሎሚ እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

አባዬ ስልኩን አነሣ። ጋሼ ሰይድ መጡ፤ ጋሼ ሰይድ ማለት የወሎ ሰዎች ሽማግሌ፣ ወገባቸው ከዛሬ ነገ ተቆረጠ የሚባል ሰው ናቸው። ወገባቸውን እየደገፉ "ማዘዝ እችላለሁ" አሉ። አጠገባችን ካለችው ከቸስተርሚር ከተማ ደግሞ ወንድም ታምራት መጡ፤ የአባዬ የሥራ ጓደኛ፣ ጴንጤ፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ወጣቶች በሁለት ቫን ጭነው። ቅዳሜ ከሰዓት የእትዬ ሱሚ ጓሮ እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። እሳቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሸካሚ ወደ ቤቱ የሚወስደው ቢጫ ሩዝ በሳጥን በሳጥን አዘጋጅተዋል። ያገራቸው ደንብ ነው፤ የረዳ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

እኔም የሸሚዜን እጅጌ ጠቅልዬ ቀረብኩ።

"ሴት ልጅ ቤት አትሸከምም" አሉ ጋሼ ሰይድ።

"ቤቱን የሚሸከመው ማን ሆኖ ነው ታዲያ!" አለች እማዬ።

ወንዶቹ ሳቁ፤ እኛ ግን አልተሸከምንም። ለእኔ ስልክ ተሰጠኝ። ስልኩ ውስጥ ጋሼ ፓርዲ አሉ፤ ከጃቫ በቪዲዮ። እነሱ ጋ ገና እየነጋ ነው። ከሱብሒ ሰላት የወጣው የመንደር ሽማግሌ ሁሉ ሽርጡን እንዳገለደመ በአንድ ስልክ ላይ ተደራርቧል። የከሚሴ ሽማግሌዎች እንጂ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች አይመስሉም። ቤት በመሸከም ሙያ አንቱ የተባሉ ናቸውና ከዚያ ሆነው ሊመሩን ነው።

አባዬ ረጃጅም ጣውላዎች ከጎጆዋ ሥር አስገብቶ በትራኩ መጫኛ ቀበቶ ጠፈራቸው። ውስጧ ያለውን ዕቃ እናውጣ ሲባል እትዬ ሱሚ እምቢ አሉ። ቦቱም፣ መቆፈሪያውም፣ ባልዲውም እንዳለ ቀረ።

ሁሉም ትከሻውን አስጠጋ። ጋሼ ሰይድ "ቢስሚላህ!" አሉ።

የወሎ ወገን እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። ችግሩ፣ በወንድም ታምራት በኩል ያሉት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ወንድም ታምራት ገና "ጌታ ሆይ፣ ስለዚህች ውብ ቀን እናመሰግንሃለን፣ መንገድ ላይ ስለጠበቅኸንም" ላይ ናቸው። ጸሎት ደግሞ አይቋረጥም። ጎጆዋ ባንድ ወገን ሽቅብ በሌላው ቁልቁል ሆነች፤ ከውስጥ ባልዲው ተንከባለለ፤ መቆፈሪያው በሩን ደብደብ አደረገው። ሰው ያለባት ነው የምትመስለው።

"ቀስ! ቀስ በሉ!" ብለው ጮኹ እትዬ ሱሚ። "እሱ ጥድፊያ አይወድም!"

"እሱ" ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

"ወንድሜ ታምራት፣ አሜን በላ!" አለ አባዬ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ።

"ስለ ጎረቤቶቻችንም..."

"ጎረቤቶችህ ሊሞቱልህ ነው!"

"አሜን!"

ተነሣች። እውነቴን ነው፣ ተነሣች! የስልኩ መንደር በእልልታ ቀለጠ። ከታች የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ ስኒከር፣ የሥራ ጫማ፣ አንድ ነጠላ ጫማ። በጭቃው የጓሮ መንገድ በሰማያዊና ጥቁር የቆሻሻ ቢኖች መሐል ጎጆዋ እየተወዛወዘች ሄደች። አንድ ውሻ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ያየውን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ከዚያ መታጠፊያው ጋ ደረስን። መንገዱ እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእትዬ ሱሚ መንደር ግራና ቀኝ ብሎ ነገር የለም። ሁሉም በሰሜን፣ በደቡብ፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብ ነው። እኛ ቤት ሲበሉ እንኳን "ጨዉን ትንሽ ወደ ደቡብ ገፋ አድርጊልኝ" ይሉኛል። መንደራቸው ውስጥ ትልቁ ተራራ ያለው በሰሜን ነው። ስለዚህ ካልጋሪ ከመጡ ጀምሮ ተራራ የሚታይበትን ወገን ሰሜን ብለው ወስነዋል። የካልጋሪ ተራሮች ግን፣ ወደ ተራራው የተጠጋችው ኮክረን ከተማ የምትኖሩ ምስክሮቼ ናችሁ፣ በምዕራብ ናቸው። ማንም አርሟቸው አያውቅም፤ ጨው ለመግፋት ምን ለውጥ አለው?

ጋሼ ፓርዲ ከስልኩ ውስጥ ጮኹ። እትዬ ሱሚ "ወደ ሰሜን በሉ ይላል!" ብለው በእጃቸው ወደ ተራራው አመለከቱ። የፊተኞቹ ወደ ተራራው ዞሩ። የወንድም ታምራት ወጣቶች የስልካቸውን ኮምፓስ አምነው ወደ እውነተኛው ሰሜን ዞሩ። ጋሼ ሰይድ ደግሞ ለእሳቸው ዓለም ያላት ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ቂብላና የቂብላ ጀርባ፤ "ወደ ቂብላ! ወደ ቂብላ!" ይላሉ። ጎጆዋ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ዞረች። እንደገና ዞረች። ሦስት ቢን ጣለች። በመጨረሻ መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር ዘግታ ቆመች።

ይኼኔ አንድ ፒክአፕ መጣ። ኮፍያ ያደረገ ነጭ ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየን።

"ሰርቃችሁ ነው?" አለ።

"ቤት እየቀየርን ነው" አለው አባዬ ከሥር።

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። መኪናውን ፓርክ አደረገ፣ ኮፍያውን ገለበጠ፣ መጥቶ ከአባዬ ጎን ትከሻውን አስገባ። "ወዴት ነው?" አለ። ቅድም ለመጠየቅ ያላሰብነው ጥያቄ ይሄ ነበር። አባዬ በአገጩ የእኛን አጥር አሳየው። "ግራ!" አለ ሰውዬው፤ ሁሉም ወደ ግራ ሄደ።

እኛ በር ላይ ደረስን። የበሩን ነገር አባዬ "ለክቼዋለሁ" ብሎ ነበር። የለካው በዓይኑ ኖሯል። ጎጆዋ ቀረበች፣ አፍንጫዋን አስገባች፣ ቀረች። በጎን ሞከሩ። በጀርባ ሞከሩ።

"ይሰፋል ብዬ እኮ ነው" አለ አባዬ።

"የሚሰፋው ልብህ ነው" አለችው እማዬ።

ከዚያ ጭቅጭቅ መጣ። አጥሩ ይፈረስ የሚል አለ፤ ጣሪያው ይቆረጥ የሚል አለ። ጎጆዋን ጭቃው ላይ አስቀምጠው ሁሉም ወገቡን ይዞ ይጮሃል። በዚህ መሐል ስልኩ ውስጥ ጋሼ ፓርዲ ረጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ሱሚ ግን አልተረጎሙም። ፊታቸውን አዞሩ።

"ምን አለ?" አለች እማዬ።

እትዬ ሱሚ የጎጆዋን ጣውላ በእጃቸው ደባበሱ።

"ሱሚዬ፣ ምን አለ ወንድምሽ?"

"ለምን ተሸከማችኋት? አለ" አሉ እትዬ ሱሚ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። "ካርቶ የሠራት እንደኛ ነው፤ በእንጨት ችንካር፤ ሚስማር የላትም። ችንካሯን ብትነቅሉ ሁለት ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ፈታተው ይጨርሷታል አለ።"

አባዬ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኗን አየ። እውነት ነው፤ አንድም ሚስማር የለም። አውራ ጣት የሚያክሉ የእንጨት ችንካሮች ብቻ፤ በቢላ የተሳሉ።

"ይህን አታውቂም ነበር?" አለ።

"ሲሠራት እኔ ነበርኩ ችንካሩን የማቀብለው።"

ባለ ኮፍያው ሰውዬ እንኳን ቋንቋው ሳይገባው ኮፍያውን አወለቀ።

"አውቃለሁ" አሉ እትዬ ሱሚ። "ይቅር በሉኝ፤ አደከምኳችሁ። ግን እሱን ማንም አልተሸከመውም። በጋሪ ነው የሄደው። አንድ ጊዜ... ቢያንስ ቤቱን ሰው ቢሸከምለት ብዬ ነው።" ከዚያ እንባቸው መጣ፤ ከጥር ጀምሮ የተጠራቀመው በሙሉ። እማዬ አቀፈቻቸው፤ እንደ ጂዳው ትራስ ትከሻዋን ሰጠቻቸው።

ወንድም ታምራት መሬት መሬት ያያሉ። አባዬ የሸሚዙን እጅጌ እንደገና ሰበሰበና ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከጣውላው ሥር አስገባ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አሉት ጋሼ ሰይድ።

"ገና አልሸኘነውማ። ይህን ያህል መንገድ ሽኝት ነው እንዴ? እስከ አቬኑው ወስደን እንመልሰው።"

ማንም አልተከራከረም። ጋሼ ሰይድ ራሳቸው፣ ወገባቸው ከዛሬ ነገ ተቆረጠ የሚባሉት፣ ገቡ። "አንቱ ተዉት!" ሲሏቸው "ዝም በል" አሉ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፤ ገባች። እኔም ስልኩን ለእትዬ ሱሚ ሰጠሁና ከእማዬ ኋላ ትከሻዬን አስጠጋሁ። በዚህ ጊዜ ሴት አትሸከምም ያለ የለም።

ማን "ቢስሚላህ" እንደሚል፣ ማን "አሜን" እንደሚል ጠበቅን። ማንም ምንም አላለም። ጎጆዋ ግን ተነሣች። ቀጥ ብላ፣ በአራቱም ማዕዘን እኩል። ባልዲው እንኳን አልተንከባለለም።

ከስልኩ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። የመንደሩ ሰዎች ቀስ ብለው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ማለት ጀምረው ነበር፤ ሬሳ ሲሸኙ የሚሉት ነው። እኛም ወሎዎቹ የምንለው እሱኑ ነው። አባዬ ተቀበለ፣ ጋሼ ሰይድ ተቀበሉ፣ እማዬ እያለቀሰች ተቀበለች። የወንድም ታምራት ልጆች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው ተራመዱ። ሰቨንቲንዝ አቬኑ ስንደርስ የአቬኑው አውቶቡስ፣ ሐምራዊ የሚሉት፣ ቆመልን። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ አሳለፈን። ፌርማታው ላይ የነበሩ ሰዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከተቀመጡበት ተነሡ።

እትዬ ሱሚ ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርገው ይዘው ይከተላሉ፤ መንደሩ እንዲያይ።

ተመልሰን በራችን ላይ አስቀመጥናት። አባዬ የመጀመሪያውን ችንካር ነቀለና ለእትዬ ሱሚ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸው ለወንድማቸው በስልኩ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ።

"ምን አልሽው?" አለች እማዬ።

"አደረሱልኝ አልኩት።"

አሁን ጎጆዋ ጓሯችን ውስጥ ቆማለች፤ ቦቱም መቆፈሪያውም ቦታቸው ላይ ናቸው። የእኔ ትከሻ ውስጥ ደግሞ አንዲት ስንጥር ገብታ ቀርታለች። እማዬ መርፌ ይዛ ቤቱን እየዞረች ታሳድደኛለች። ቆይ ትንሽ፣ እላታለሁ።